ከ«አይዞሽ» በኋላ የሚመጣው ቃል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር። እዚህ የተነሡት እናቶችና ልጆች ታሪካቸው እንዲነገር ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አልጻፍንም። ባለሙያዋም ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃናለች።)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት የምንናገረው ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ነው። ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ከቡና በኋላ ታቀርባለች። እኛ አሁን የምናወራው በዚያ ሪፖርት ውስጥ ባዶ ሆኖ ስለሚታይ ቦታ ነው። የቁጠባ መዝገባችንን የገለጠ ሰው በአንዲት አባላችን ስም ትይዩ አሥራ አንድ ባዶ ሳምንት ተከታትሎ ያገኛል። ይህች እናት ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ሳምንት ሳታስገባ ቀርታ አታውቅም። ስትታመም እንኳ በጎረቤት ትልክ ነበር።

መጀመሪያ ምክንያቱን ያወቅን መስሎን ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ስትፈርስ ብዙዎቻችን ተበትነናል። ከፊሎቻችን ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሎቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ሄድን፤ ጥቂቶቻችን እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ቀረን። ይህች እናት መናኸሪያው አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች እንጀራ ታስረክብ ነበር። ደንበኛ ከጠፋ ቁጠባ ከየት ይመጣል ብለን ዝም አልን። ዝም ማለታችን ጨዋነት መስሎን ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ሦስታችን ተነሥተን ቤቷ ሄድን።

ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ዩኒፎርሙ ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እናትየው እጃችንን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችንና በሹክሹክታ «ልቧን አሟታል» አለችን።

ነገሩ የጀመረው በታክሲ ውስጥ ነው። አዲሱ ሰፈር ከገቡ በኋላ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት በሁለት ታክሲ ነበር የምትሄደው። አንድ ቀን ታክሲው ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ ልቧ በኃይል መምታት ጀመረ፤ እጇ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ የምትሞት መሰላት። በማግስቱ ታክሲ ስታይ ሆዷን ያማት ጀመር። ቀጥሎ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ቀጥሎ በየቀኑ። እናትየው ያልወሰደቻት ቦታ አልነበረም። ልቧ በመሣሪያ ታየ፣ ደሟ ተመረመረ፣ አንዱ ጋ ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ጠበልም ወስዳታለች። ሐኪሞቹ በመጨረሻ «ምንም የለባትም» አሉ። ለእናትየው ይህ የምሥራች ነበር። ልጅቷ ግን «ውሸታም ነሽ» የተባለች ያህል ነው የተሰማት፤ ይህን የነገረችን ራሷ ናት፣ ከብዙ ወራት በኋላ።

እኛስ ምን አልን? እዚህ ላይ መደበቅ አንፈልግም። አንዳችን «ተያት፣ ትረፍ» አልን። ሌላችን «የሰው ዓይን ነው» አልን። «ስልኳን ቀሚያት» ያልነውም አለን። «በእኛ ጊዜ ጭንቀት የሚባል በሽታ የት ነበር?» ያልነውም አለን፤ ይህን ያለችው አባላችን እዚህ ተቀምጣ እየሳቀች ነው፣ እንድንናገርም ፈቅዳልናለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ትምህርት ቤት በፅዳት የምትሠራ አባላችን «ሳይኮሎጂስት ብናሳያትስ?» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው የምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ሰፈር «አማኑኤል» ሲባል የቤተ ክርስቲያን ስም ብቻ አይደለም፤ ልጆች ሲጣሉ የሚሰዳደቡበት ቃል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው የተመሠረተው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በጣም የታመመ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ወደዚያ ስለሚመጣ፣ የአእምሮ ሕክምና ማለት እዚያ የምናየው ብቻ መሰለን። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የሚሠለጥነው ውጭ አገር ነበር፤ ቁጥራቸውም በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ እናቶቻችን ባለሙያ ሳያዩ ቢኖሩ አይገርምም።

ለማንኛውም ሄድን። እናትየውና ሦስታችን። ነጭ ጋውን፣ አልጋ፣ መርፌ ጠብቀን ነበር። ያገኘነው ከኡራኤል ወደ ታች፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበር፣ የግድግዳ ሰዓትና ሶፍት። ባለሙያዋ ሠላሳ ዓመት አለፍ ያላት፣ የራሳችን ልጅ የምትሆን ሴት ናት። «ዶክተር» ስንላት «ዶክተር አይደለሁም» አለችን። ልዩነቱን ያስረዳችን እሷ ናት፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው እንንገራችሁ። ሳይካትሪስት ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ የሚያክመው በንግግርና በልምምድ ነው። እሷ የተማረችው ሁለተኛውን ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ልጅ ሲገጥማት ወደ ሐኪም ትልካለች።

ከዚያ «እናትየዋ ማናት?» ብላ ጠየቀችና፣ ሌሎቻችን ታች ቡና እየጠጣን እንድንጠብቅ በትሕትና አስወጣችን። እውነቱን ለመናገር ተቀየምን። ደስታም ኀዘንም አብረን ያሳለፍን ሴቶች ነን፤ ከእኛ የሚደበቅ ምን አለ? ታች ተቀምጠን ቡናውን ሳይቀር አማረርን።

በሁለተኛው ጉብኝት ግን እናትየው ስለፈቀደች አብረን ገባን፤ ጥያቄዎቻችንንም በደረሰኝ ጀርባ ጽፈን ነበር። ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ወላጅ መጠየቅ አለበት ብለን እናምናለን፤ እሷም አልተቆጣችም። የት ተማርሽ አልናት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብላ ወረቀቷን አሳየችን። ከልጆች ጋር ስንት ዓመት ሠራሽ አልናት፤ ነገረችን። ስንት ቀን ይፈጃል? ለእንዲህ ያለው ጭንቀት ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ሆኖ ጥቂት ወራት እንደሚወስድ፣ ለውጥ ካልታየ ግን እሷ ራሷ መንገዱን እንደምትቀይር ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ እንደምትልክ ነገረችን። ጠበሉን እናቁም ወይ? «እኔ አቁሙ አላልኩም። እሷ ከወደደችው ይቀጥሉ፤ የእኔን ቀጠሮ ግን በእሱ ምክንያት አያስቀሩ» አለች። ሙስሊም አባሎቻችን ስለ ዱዓና ስለ ቁርኣን ሲጠይቋትም መልሷ ያው ነበር።

የከበደን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እናትየው «ልጄ የምትነግርሽን ትነግሪኛለሽ አይደል?» አለቻት።

«አልነግርዎትም፣ እናቴ።»

እናትየው ቀላች። ባለሙያዋ ድምፅዋን ሳትቀይር ቀጠለች። «ራሷን ልትጎዳ ካሰበች፣ ወይም ሰው እየጎዳት ከሆነ ያን አልደብቅዎትም። ይህንንም ለልጅዎ በመጀመሪያው ቀን እነግራታለሁ። ሌላውን ግን እሷ ስትፈልግ ራሷ ትነግርዎታለች። እኔ ነገር አመላላሽ ከሆንኩ ሁለተኛ ቀን አፏን አትከፍትም።» ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያው ቀን ለምን እንዳስወጣችን የገባን። እኛ የምንወድ ሴቶች ነን፤ ግን ወሬ ከእኛ ቤት ወጥቶ ቄራ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ። ባለሙያዋ እናትየውን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ «ልጅዎ ስትጨነቅ መጀመሪያ የሚሏት ምንድን ነው?»

«አይዞሽ ነዋ! ሌላ ምን እላታለሁ?»

«ከአይዞሽ በኋላስ?»

እናትየው አሰበች። «አይዞሽ፣ ዛሬ ቅሪ።» «አይዞሽ፣ እኔ እሄድልሻለሁ።» «አይዞሽ፣ አስተማሪሽን አናግረዋለሁ።» እየቆጠረች ሄደች። ለልጅቷ ሱቅ የምትላክላት እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ የምትመልስላት እሷ ናት። ማታ አብራት የምትተኛው እሷ ናት። ልጅቷን ብቻዋን ላለመተው ምጣዷን ካጠፋች ሦስት ወር ሆኗታል። በመዝገባችን ላይ ያለው ባዶ ቦታ ያ ነው፤ የደንበኛ መጥፋት ብቻ አልነበረም።

ባለሙያዋ የጭንቀትን ነገር ያስረዳችን በመኪና አላርም ነው። ካዛንቺስ ሆቴሎች ጥግ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊት ድመት ስታልፍ የሚጮኽ አላርም አለ። ሌባ ሲመጣ መጮኹ መልካም ነው፤ አካላችንም አደጋ ሲያይ ልብን የሚያስመታው፣ ትንፋሽን የሚያፈጥነው እንድንሮጥ ወይም እንድንታገል ነው። የልጅቷ አላርም ግን ለድመትም ይጮኻል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ልቧ በእውነት ይመታል፣ ሆዷ በእውነት ያማታል። ሌባው ነው የሌለው። ታዲያ በጮኸ ቁጥር «ቅሪ» ስንላት፣ አላርሙ ልክ እንደነበረ እየመሰከርንለት ነው። ያን ቀን ትረጋጋለች፤ በማግስቱ ግን ፍርሃቱ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይጠብቃታል።

«አይዞሽ ትልቅ ቃል ነው፤ እንዳትጥሉት» አለች ባለሙያዋ። «ከኋላው የሚመጣውን ብቻ እንቀይር።» ለእናትየው በወረቀት የጻፈችላት ይህ ነው፤ «አይዞሽ፤ እንደከበደሽ አያለሁ። እንደምትችይውም አውቃለሁ።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም፣ ክርክር የለም፣ ስብከት የለም። እናትየው ወረቀቱን በሶሊት ማሰሮው ላይ ለጥፋ ስትለማመድ ከርማለች።

በዕድሜ ትልቋ አባላችን ይህን ስትሰማ ተቆጥታ ነበር። «ልጅን ከነፍርሃቷ መላክ ጭካኔ አይደለም ወይ?» አለች። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባለሙያዋ ከሁሉ በፊት ልጅቷን ብቻዋን የጠየቀቻት በመንገድ የሚነካት፣ በትምህርት ቤት የሚያስቸግራት ሰው መኖሩን ነው። እውነተኛ ጅብ ካለ ልጅን ወደ ጅቡ መላክ የለም፤ መጀመሪያ ጅቡን ማባረር ነው። ሁለተኛ፣ ማንም ልጅቷን አልገፋትም። መሰላል ሣሉ። ከታች እስከ ላይ ያሉትን እርከኖች የጻፈችው ልጅቷ ራሷ ናት፤ እያንዳንዱ ስንት እንደሚያስፈራት ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ሰጠችው። የመጀመሪያው እርከን ዩኒፎርም ለብሶ በር ድረስ ወጥቶ መመለስ ነበር። በቃ። ቀጥሎ ታክሲ ተራ ድረስ ሄዶ ሳይሳፈሩ መቆም። ቀጥሎ ከእናቷ ጋር አንድ ፌርማታ። ቀጥሎ እናቷ ጋቢና፣ እሷ ከኋላ። በእያንዳንዱ ላይ ፍርሃቱ እስኪበርድ ትቆያለች፤ ይበርዳልም። አካል ለዘለዓለም ሲጮኽ አይውልም፤ ይህን በአፍ ሰምታ ሳይሆን በራሷ ልብ ምት ነው ያመነችው። ሁለት ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ወርዳ በእግሯ ተመልሳለች። ባለሙያዋ አልገረማትም፤ አንድ እርከን ወርደው እንደገና ጀመሩ።

ይህ የባለሙያዋ ፈጠራ አይደለም፤ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይባላል፣ በዓለም ላይ ለልጆችና ለወጣቶች ጭንቀት በብዛት ከተጠኑት ሕክምናዎች አንዱ ነው። እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ኢላይ ሌቦዊትዝ የሚባል ባለሙያና ባልደረቦቹ፣ ልጁን ሳያገኙ ወላጁን ብቻ የሚያሠለጥኑበት ዘዴ አላቸው። ወላጁ የሚማረው ለፍርሃቱ ሲል የሚያደርገውን እየቀነሰ ለልጁ ግን ማዘኑን እንዲያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ከሰባት እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ወላጆቻቸው ብቻ ሠልጥነው ያሳዩት መሻሻል፣ ራሳቸው ሕክምናውን ከተከታተሉት ልጆች አላነሰም። ይህን ስንሰማ ግማሾቻችን ተደሰትን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ጥፋተኛዋ እናት ናት ማለት ነው?» አልን። ባለሙያዋ እጇን አወዛወዘች። እናት ጭንቀቱን አልፈጠረችውም፤ ግን በሩን ከውስጥ የምትከፍተው እሷ መሆን ትችላለች አለችን።

ከዚያ በኋላ ነው የቅዳሜው ቡና የተጀመረው። የአንድ ቀጠሮ ክፍያ አንዲት አባላችን በሳምንት እንጀራ ሸጣ ከምታተርፈው ይበልጣል፤ ሁሉም ልጅ እዚያ ሊሄድ አይችልም። ባለሙያዋን ለመንናት፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ስብሰባ ቤታችን እየመጣች እናቶችን በጋራ እንድታስተምር። እኛ ትራንስፖርቷን እንከፍላለን፣ ቡናውን እናፈላለን። እሷም የዚምባብዌን ነገር አጫወተችን። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያወያዩ አደረገ። እዚያ አገር ችግሩን የሚጠሩበት ቃል ሲተረጎም «ማሰብ ማብዛት» ነው፤ እኛም «ሐሳብ በዛባት» አይደል የምንለው? በ2016 የታተመው ጥናት ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡ ሰዎች ከሌሎቹ በበለጠ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ትልቋ አባላችን ይህን ሰምታ «ወንበሩን እኔ አዋጣለሁ» ብላለች፤ እስካሁን አላመጣችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚነሣው ሁሉ የሚበዛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃን ለማስቀረት ነው፣ እኛም ኩረጃን አንደግፍም፤ ነገር ግን ከመቶ ልጅ ዘጠና ስድስቱ «ወደቅሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ያን ቤት የያዝነው እኛ ነን። አንዲት እናት ልጇ ውጤት በወጣበት ሌሊት ምን እንደሚላት በየቀኑ ታስብ እንደነበር ነገረችን። ስለ ልጇ ውጤት ለጎረቤት ለመመለስ ዓመት ሙሉ መልስ ስታዘጋጅ ከርማለች፤ ልጁ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። እሱ ወደ ዘውዲቱ ሆስፒታል ተልኮ በሐኪም እየታየ ነው፤ ከንግግሩ ጋር መድኃኒትም ይወስዳል። እናቱ ይህ እንዲነገር የፈለገችው መድኃኒት የጀመረ ልጅ አብቅቶለታል የሚሉ ስላሉ ነው።

ያልሆነልንም አለ። አንዲት እናት ሁለት ቅዳሜ መጥታ ቀርታለች፤ ባሏ «ልጄን ዕብድ ልታስብሉት ነው» ብሎ ከለከላት። ደጋግመን ሄደን ለምነናል፣ አልተሳካም። ሌላዋ ከሩቅ ሰፈር ስለምትመጣ ሥራዋን ትታ መገኘት አልቻለችም።

ደጋፊዎቻችን ባለፈው ጉብኝት አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁናል፤ ለስፌት መኪና ጥገና ከተመደበው ገንዘብ ላይ ለዚህ ሥራ እንድናዛውር ስንጠይቃችሁ «ይህ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ነው ወይ?» ብላችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ የምናሳያችሁ መዝገቡን ነው። አሥራ አንዱ ባዶ ሳምንት በአሥራ ሁለተኛው አልቆመም፣ ትንሽ ቀጥሏል፤ ከዚያ ግን እናትየው ምጣዷን አሟሽታ እንደገና ጋገረች፣ በየሳምንቱም ታስገባለች። የስፌት መኪናዎቹ ሁለቱ አሁንም እንደተበላሹ ናቸው። ይህንም አንደብቃችሁም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብን።

ልጅቷ ዳነች አንልም። በሳምንት አራት ቀን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አምስተኛው ቀን አንዳንዴ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ቆማ ማንበብ መሰላሉ ላይ ገና አልተደረሰበትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከገላን ጉራ ተነሥታ ብቻዋን እዚህ መጣች። ሰዓት አልፎ ነበር፤ እናትየው ሦስት ጊዜ ተነሥታ በሩን አይታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች፣ ስልኳንም አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ልጅቷ ስትገባ «ረዳቱ የተሳሳተ ቦታ አወረደኝ፣ ከመሿለኪያ በእግሬ መጣሁ» አለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። እናትየው ያለችው «ቡና ልቅዳልሽ?» ብቻ ነው።

የሚቀጥለው የቅዳሜ ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እዚሁ ቤት ነው። ከሩቅ ሰፈር ለሚመጡ አባላት የታክሲ ይከፈላል፤ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ተነጋገሩ። ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ የጎን ክፍሉ ለእነሱ ክፍት ነው፣ እዚያ የሚሉትን ማንም አይጠይቃቸውም። አባል ያልሆነች ጎረቤትም ብትመጣ መዝገብ አንጠይቃትም።